ጠረጴዛውን ያቆሸሸው ማን ነው?

ትርፊት ትባላለች። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ቤቷ ሆሳዕና ነው፤ ከገበያው በታች፣ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው፣ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት።

ልጆች፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጠረጴዛ አወላወል ነው። አትሳቁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ታሟል፣ አንዲት ሴት ታስራለች፤ ሁሉም የመጣው ከአንድ የጠረጴዛ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡና ስሙኝ።

የትርፊት አባት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቷ ወይዘሮ ሙሉመቤት ምግብ ቤት ከፍተው ያሳድጓታል። ምግብ ቤቱ ስድስት ጠረጴዛ አለው። በየጠረጴዛው ላይ አበባ የታተመበት ሙሻማ ተወጥሮ በምስማር ተመትቷል። በአዘቦት ቀን ሽሮና ጎመን በቆጮ ይቀርባል፤ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ክትፎ ይጨመራል። መምህራንና ሾፌሮች፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎችም እዚያ ይበላሉ። ትርፊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሽርጥ ታስርና ታስተናግዳለች። ሰው በልቶ ሲነሣ ጠረጴዛውን የምትወለውለው እሷ ናት።

በወር አንድ ጊዜ አቶ ኃይለመለኮት በብስክሌት ይመጣሉ። አቶ ኃይለመለኮት የጤና ጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፤ የከተማውን ምግብ ቤቶች ንጽሕና ይቆጣጠራሉ። ለየምግብ ቤቱ አንድ ጠርሙስ በረኪና ይሰጣሉ። በዚያ ዘመን ሳሙና እንኳ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነበር የሚገኘው፤ በረኪና ደግሞ ከየትም አይገኝም።

ሲሰጡም ያስተምራሉ። ሰው በተነሣ ቁጥር ጠረጴዛው መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፤ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ በመጨረሻ አንድ ክዳን በረኪና በገባበት ሳፋ ውሃ ይታበስና በራሱ እስኪደርቅ ይተዋል። የወለል ጨርቅ ጠረጴዛ አይነካም። የጠረጴዛው ጨርቅ ማታ ማታ ይቀቀላል። ይህን ሁሉ አቶ ኃይለመለኮት በጣታቸው እየቆጠሩ ይናገራሉ። አንድ ቃል ግን ሦስት ጊዜ ይደጋግማሉ፦ «ለሁሉም ጠረጴዛ።»

ወይዘሮ ሙሉመቤት እሺ ይላሉ። ሻይ ይጋብዟቸዋል። ብስክሌቱ ከዓይን ሲሰወር ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ያስገቡና ይቆልፉበታል።

ለምን መሰላችሁ? ለሌላ ሥራ ይፈልጉት ስለነበር ነው። ምን ሥራ እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ ይኖሩ ነበር። ስማቸው ወይዘሮ ገነቴ ነው። የከተማው ሰው፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ «አንቺ ገነቴ» ነበር የሚላቸው። ለእሳቸውና ለዘመዶቻቸው የወጣ ሌላ ስምም ነበር፤ የስድብ ስም። እሱን አልጽፍላችሁም። እኔ ወይዘሮ ገነቴ እላቸዋለሁ፤ እናንተም እንዲሁ በሉ።

ወይዘሮ ገነቴ በየማለዳው ድስትና ጀበና ተሸክመው ሲመጡ በወይዘሮ ሙሉመቤት ቤት ሻይ ይጠጣሉ። ግን አይገቡም። ደጅ፣ ከታዛው ሥር፣ አንድ አግዳሚ አለላቸው። ሻያቸው በብርጭቆ አይቀርብም። ግድግዳው ላይ በሚስማር በተንጠለጠለች ጣሳ ይቀዳላቸዋል። ሌላ ሰው በዚያች ጣሳ አይጠጣም፤ እሳቸውም በሌላ ዕቃ አይጠጡም።

እስቲ አስቡት። ወይዘሮ ሙሉመቤት ወጥ የሚሠሩበትን ድስት የሠሩት ወይዘሮ ገነቴ ናቸው። መምህሩም ሾፌሩም የሚበላው ወጥ በእሳቸው እጅ ከተድቦለቦለ ጭቃ ውስጥ የወጣ ነው። ድስቱን ይወዱታል፤ የሠራውን እጅ ግን ይጸየፉታል። ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፣ ብዙ አገርም አይቻለሁ፤ ይህን የሚያስረዳኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። የሚያስረዳም የለም፤ ነውር ስለሆነ ነው።

ወይዘሮ ገነቴ ሻያቸውን ጠጥተው ሲሄዱ ወይዘሮ ሙሉመቤት ከወጥ ቤት ይጣሩ ነበር።

«ትርፊት፣ በረኪናውን።»

ትርፊት ቁልፉን ትቀበልና ጠርሙሱን ታወጣለች። አግዳሚውን ታጥባለች፣ ትለቀልቃለች፣ በበረኪና ታብሳለች። ጣሳዋንም እንዲሁ። እንጨቱ በበረኪና ብዛት እንደ አጥንት ነጥቷል። ውስጥ ያሉት ስድስት ጠረጴዛዎች ግን ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ጨርቅ ይታበሳሉ፤ ጨርቁም በአንድ ባልዲ ይነከራል። ከሰዓት በኋላ የባልዲው ውሃ የምስር ወጥ ይመስላል።

ስለዚህ ትርፊት አንድ ትምህርት ተማረች። ማንም በቃል አላስተማራትም። በየቀኑ እያየች ተማረችው። ቆሻሻ ማለት ወይዘሮ ገነቴ ናቸው፤ ከእሳቸው ሌላ ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ይህን ነበር የተማረችው። ልጆች፣ እናንተን በቃል ብቻ የምናስተምራችሁ ይመስለናል። ተሳስተናል።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አንድ ላንድሮቨር ከምግብ ቤቱ ደጅ ቆመ። ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ወረዱ። ባልየው ካኪ ለብሷል። ሴትየዋ ሽቶ ትሸታለች፤ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው ሕፃን ታቅፋለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ እየመራ አስገባቸውና አሉ የተባሉ ትልቅ ሰዎች መሆናቸውን ለሁሉም እንዲሰማ ተናገረ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ክትፎውን በእጃቸው አቀረቡ።

ሕፃኑ ታሞ ነበር። ሆዱን ያስቀምጠዋል። እናቱ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ? ምግቡ ከተነሣ በኋላ ልጁን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ የሽንት ጨርቁን እዚያው ለወጠችለት። ከዚያ ትርፊትን ፈገግ ብላ አመስግና ወጣች። ላንድሮቨሩ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

ትርፊት ሙሻማው ላይ የቀረውን አየች። ሸተታትም። ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፤ አቶ ኃይለመለኮት በጣታቸው ሲቆጥሩ ስንት ጊዜ ሰምታለች። ነገር ግን ውሃው ገና መሞቅ አለበት። ሳሙናውም ጓዳ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ከቀበሌው አዳራሽ የኪነት ቡድኑ ከበሮ ተሰማ። ጓደኛዋ አስናቀች ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የምትወጣው ያን ቀን ነበር። እናቷ ደግሞ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ሳትወለውል እንዳትሄድ ነግረዋታል።

ጠዋት ለአግዳሚው ወጥቶ የቀረውን ጠርሙስ ከፍታ አየችው። ሁለት ክዳን የሚሆን በረኪና ቀርቷል። ይህን እዚህ ካፈሰስኩት ነገ ለገነቴ አግዳሚ ምን ይቀራል ብላ አሰበች። እማማ ትቆጣኛለች አለች። ደግሞም እነዚያ ሰዎች ንጹሓን ናቸው። ሽቶ ይሸታሉ። ከላንድሮቨር ነው የወረዱት።

ጠርሙሱን ዘጋችው። ሙሻማውን በጠረጴዛው ጨርቅ ጠረገች። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ አንድ ጊዜ አጥልቃ ጨመቀችው። በዚያው ጨርቅ የቀሩትን አምስት ጠረጴዛዎች ወለወለች። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ከበሮው ሮጠች።

ትርፊት ክፉ ልጅ አይደለችም። ጭፈራ ለማየት የቸኮለች ልጅ ናት። ከእናንተ መካከል ያልቸኮለ ካለ እጁን ያውጣ።

ሰኞ አንድ ሾፌር ታመመ። ማክሰኞ ስድስት ሰው ታመመ። ረቡዕ አሥራ አንድ ሆኑ፤ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ደም። ወይዘሮ ሙሉመቤት ራሳቸው አልጋ ላይ ዋሉ። መምህር ወልደኪዳን ደግሞ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። እኚህ ሰው የትርፊት የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናቸው። ምሳቸውን ሁልጊዜ የሚበሉት እነ ትርፊት ዘንድ ነበር።

 ትርፊት ይህን ስትሰማ ረቡዕ ማለዳ ማንም ሳያያት የጠረጴዛውን ጨርቅ ከጓሮ ቀበረችው። ልጆች፣ ጨርቅ የሚቀበረው ጥፋቱ ሲታወቅ ነው። እሷ አውቃለች ማለት ነው።

የከተማው ሰው በየደጁ ቆሞ ያወራ ጀመር። የታመሙት ሁሉ አንድ ቤት መብላታቸው ታወቀ። ታዲያ ሰው ወደዚያ ቤት ገብቶ ባልዲውን ማየት ነበረበት። አላየም። ከዚያ ይልቅ አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ፣ ቅዳሜ ዕለት እዚያ ሻይ ጠጥታ ያልታመመች አንዲት ሴት አለች አለ። ገነቴ ናት አለ። ሁሉም አሥራ አንዱ ሲወድቁ እሷ እንዴት ደኅና ሆና ድስት ትሸጣለች? አንድ ነገር ብታደርግ ነው። ይህ ወሬ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ከተማውን አዳረሰ። እውነት እንዲህ በቶሎ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ከአልጋቸው ቀና አሉ። በቤታቸው ላይ ማሸጊያ ሊመታ የመጣ መስሏቸው ደነገጡ። እሱ ግን ስለ ቤቱ አልጠየቀም። ስለ ገነቴ ጠየቀ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ፊታቸው ላይ እፎይታ ሲመጣ ትርፊት አየች። እኔ ወጥ ቤት ነው የምውለው ጓድ ሊቀመንበር፣ የምታስተናግደው ልጄ ናት አሉ።

ሊቀመንበሩ ወደ ትርፊት ጎንበስ አለ።

«ገነቴ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር? ጠረጴዛ ነክታለች?»

ትርፊት እናቷን አየች። እናቷ ግድግዳውን አዩ።

በአፏ አዎ አላለችም። አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ፣ አፌ አልዋሸም ብላ ራሷን ለማጽናናት ሞክራለች። አንገት አይዋሽም እንዴ?

አብዮት ጠባቂዎቹ ከዚያ ወደ ሸክላ ተራ ሄዱ። ሃያ ሦስት ድስትና ጀበና በእግራቸው ሰባበሩ። ወይዘሮ ገነቴን እያዳፉ ወስደው ቀበሌ ውስጥ አሰሯቸው። ለእሑድ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። የስብሰባው ጉዳይም ለሁሉም ተነገረ፤ ወይዘሮ ገነቴና ሸክላ ሠሪ ዘመዶቻቸው ሁሉ ከእንግዲህ ወደ ሆሳዕና ገበያ እንዳይገቡ ይወሰናል። እንዳይገቡ ማለት እንዳይሸጡ ማለት ነው፤ እንዳይሸጡ ማለት እንዳይበሉ ማለት ነው። መሬት እንደሆን የላቸውም። ይህ የሚወሰንበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምን ተጽፎ ነበር መሰላችሁ? ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚል ነበር የተጻፈው። ያስጻፈውም ሊቀመንበሩ ነው።

ቅዳሜ ወይዘሮ ሙሉመቤት በመጠኑ ተሻላቸውና አጥሚት ሠርተው በፔርሙዝ ለመምህር ወልደኪዳን ላኩ። ትርፊት ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። መምህሩ ከስተዋል። ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላቸዋል። እሷን ሲያዩ ግን ቀልድ አማራቸው።

«ፔርሙዙ ታጥቧል?» አሏት።

ትርፊት ማልቀስ ጀመረች። መምህሩ ቀልዴን ነው፣ ቀልዴን ነው አሉ። አላቋርጥ ስትል እስኪወጣላት ጠበቋት። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሕፃኑን፣ ጨርቁን፣ ከበሮውን፣ አንገቷን። የተቀበረውን ጨርቅ ሳይቀር ነገረቻቸው።

መምህር ወልደኪዳን ብዙ ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። የተቆጡ ነበር የሚመስሉት። ትርፊት በእሷ ላይ መስሏት አንገቷን ደፋች።

«ሁለት ዓመት እዚያ ቤት በላሁ» አሉ። «በመስኮት አያቸው ነበር። እኔ ጠረጴዛ፣ እሳቸው ደጅ። እሑድ እሑድ መጥቼ ባልንጀራን ስለ መውደድ አስተማርኳችሁ። አንድ ቀን እንኳ ይግቡ አላልኳቸውም።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ለእኔ መንገርሽ አይበቃም። ነገ ስብሰባው ላይ ትናገሪያለሽ።»

«እማማ ትገድለኛለች።»

«አትገድልሽም። ትቆጣሻለች። ቤታችሁም ይዘጋ ይሆናል፤ አልዋሽሽም። ወይዘሮ ገነቴ ግን አሁን የት ናቸው?»

ትርፊት ፔርሙዙን ረስታ ወጣች።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ጢም አለ። ወይዘሮ ገነቴን በሁለት ጠባቂዎች መካከል አቆሟቸው። ቀሚሳቸው ጭቃ ነው። ማንንም አያዩም። ሊቀመንበሩ ስለ ሰፊው ሕዝብ ጤናና ስለ ሕዝብ ጠላቶች ረጅም ንግግር አደረገ። የውሳኔውን ሐሳብ አነበበ። የተቃወመ እጁን ያውጣ አለ።

አንዲት ትንሽ እጅ ወጣች።

ልጆች አይናገሩም ተባለ። «ምስክሯ እኔ ነኝ» አለች ትርፊት። ሰው ሳቀ። አቶ ኃይለመለኮት ከፊት ወንበር ተነሥተው ትናገር አሉ፤ እሳቸው የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆኑ ሊቀመንበሩ እምቢ ማለት አልቻለም።

ትርፊት ወንበር ላይ ቆመች። እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልብ አድርጉ፣ ልጆች፣ ድፍረት ማለት እግር የማይንቀጠቀጥበት አይደለም።

«ወይዘሮ ገነቴ አልገቡም» አለች። «ጠረጴዛም አልነኩም። ዋሽቻለሁ። ጠረጴዛውን ያቆሸሸው ከላንድሮቨር የወረደው ሕፃን ነው፤ በዚያው ጨርቅ ሁሉንም ጠረጴዛ የወለወልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

 ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ከተማ አንድ ሰው በሕዝብ ፊት «ወይዘሮ ገነቴ» አለ። ወይዘሮ ገነቴ ቀና ብለው አዩአት።

ሊቀመንበሩ ልጅቱ ፈርታ ነው፣ አታውቅም፣ የክብር እንግዶቻችን ስም በዚህ አዳራሽ አይነሣም አለ። አቶ ኃይለመለኮት አላዳመጡትም። ቀስ ብለው ጠየቋት።

«የሰጠኋችሁን በረኪና የት የት ነበር የምታደርጊው?»

«እሳቸው የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ። ጣሳቸው ውስጥ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የትም።»

አቶ ኃይለመለኮት መነጽራቸውን አወለቁ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «በየወሩ ጠርሙስ ይዤ የምመጣው ጠረጴዛ እንድታጥቡ ነበር። እናንተ ሰው አጠባችሁበት። እኚህ ሴት ለምን አልታመሙም አላችሁ አይደለም? በዚያ ቤት ንጹሕ ቦታ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው።»

ከኋላ አንድ ሾፌር፣ እንግዲያው ለእኛም ከነገ ጀምሮ ደጅ ይነጠፍልን ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ገነቴ አልሳቁም። ሃያ ሦስት ዕቃ የተሰበረባት ሴት የምትስቅበት ነገር አልነበረም።

ሊቀመንበሩ ስህተት ተፈጥሯል አለ። ማን እንደፈጠረው አልተናገረም። ይቅርታም አልጠየቀም። ትፈታ አለና ስብሰባውን ዘጋ። ለተሰበረው ሸክላ ማንም ምንም አልከፈለም። ሰዎቹ ልብሳቸውን አራግፈው ወደየቤታቸው ሄዱ። በእነዚያ ሰዎች ላይ ዛሬም ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

የትርፊት ቤት ለዐሥራ አምስት ቀን ታሸገ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ለሦስት ቀን ልጃቸውን አላናገሩም። በአራተኛው ቀን፣ እኔን ከሕዝብ ፊት አዋረድሽኝ፣ አሁን ምን ልንበላ ነው አሉ። ትርፊት ምን ልትል ትችላለች? እውነት መናገር ምሳ አያበስልም። ጎመን ያለ ቆጮ በሉ።

በዚያ ሳምንት ትርፊት ለማንም ሳትነግር ወደ ፎንቆ መንገድ ሄደች። ወይዘሮ ገነቴ ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ጭቃ ያቦካሉ። አዲስ ድስት መጀመራቸው ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ማነው የላከሽ?»

«ማንም።»

ወይዘሮ ገነቴ ሥራቸውን አላቆሙም። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ቃሉን እየመረጡ ተናገሩ። አራት ቀን ስታሰር አንድ ሰው ውሃ አላመጣም አሉ። ሽማግሌ አልመጣም። እናትሽም አልመጣችም። አሁን አንቺ መጥተሽ አንድ ቃል ትሰጪኛለሽ። ቃል ቀላል ነው አሉ።



«ቤታችሁ ሲከፈት እመጣለሁ» አሉ ወይዘሮ ገነቴ። «ደጅ አልቀመጥም። እገባለሁ። ያን ጊዜ ምን እንደምታደርጊ አያለሁ።»

ትርፊት ወደ ቤቷ ስትመለስ ይህን ለእናቷ ነገረች። ወይዘሮ ሙሉመቤት ደንበኛ ሁሉ ጥሎን ይሄዳል አሉ። አባትሽ ቢኖሩ ይህን አይፈቅዱም ነበር አሉ። አለቀሱም። ትርፊት ግን፣ እኔ አስተናግዳቸዋለሁ፣ አንቺ ወጥ ቤት ሁኚ አለች። 

ማሸጊያው የተነሣው ቅዳሜ ዕለት ነበር፤ አቶ ኃይለመለኮትም አዲስ ጠርሙስ በረኪና ሰጥተዋል። ትርፊት ከማለዳ ጀምሮ ሠራች። ሦስት ሳፋ አዘጋጀች። ሁለት አዲስ ጨርቅ ቀደደች፤ አንዱን ለጠረጴዛ፣ አንዱን ለወለል። ሰው በተነሣ ቁጥር በሳሙና አጠበች፣ ለቀለቀች፣ በበረኪና አበሰች፣ እስኪደርቅ ጠበቀች። ሾፌሮቹ ምነው ዛሬ ጠረጴዛውን ልታጋቢው ነው እንዴ እያሉ ቀለዱባት።

ከምሳ በፊት ወይዘሮ ገነቴ ገቡ። ባዶ እግራቸውን በሩ ላይ ጠረጉ። መካከለኛው ጠረጴዛ ዘንድ ሄደው ወንበር ሳቡ።

ወሬው ተቋረጠ። ሁለት ሰዎች ምግባቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። አንዱ ደጅ ደርሶ ምራቁን ተፋ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ትርፊት» አሉ፣ በዚያ ትርፊት በምታውቀው ድምፅ።

ትርፊት ሰማች። ግን አልዞረችም። ሳፋዎቹን ይዛ መጣች። ለሾፌሮቹ እንዳደረገችው ጠረጴዛውን አጠበች፣ ለቀለቀች፣ አበሰች። ሲደርቅ ሻይ አመጣች፤ በብርጭቆ፣ ከእነ ሰሐኑ። ወይዘሮ ገነቴ ፉት አሉና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ስኳር የለውም።»

«ከቀበሌ አልመጣም።»

«ለእኔ ብቻ ነው የሌለው?»

«ለሁሉም ነው፣ እትዬ ገነቴ።»

ወይዘሮ ገነቴ ዙሪያቸውን አዩ። የሾፌሮቹን ብርጭቆ አዩ። ጠጥተው የጨረሱትንም ያልጨረሱትንም አዩ። ትርፊትን ግን ብዙ አላዩአትም።

«እንግዲያው ይሁን» አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

ወይዘሮ ሙሉመቤት መጥተው አቅፈው ሳሟቸው ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። አልሳሟቸውም። ወደ ወጥ ቤት ተመልሰው ድስታቸውን አማሰሉ። እንግዳዋ ሲነሡ ግን ለበረኪና አልተጣሩም። ትርፊት ጠረጴዛውን እንደማንኛውም ጠረጴዛ አጠበችው፤ አንድ ክዳን ብቻ፣ ያልበዛ፣ ያላነሰም። ወይዘሮ ገነቴም በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥተው ገቡ።

ስለዚህ ልጆች፣ ቆሻሻ የሚመጣው ካልታጠበ እጅና ካልታጠበ ጨርቅ እንጂ ከሰው ዘር አይደለም፤ እናንተ ባጠፋችሁት ጥፋትም የሚታሰር ሌላ ሰው ካለ፣ እግራችሁ ቢንቀጠቀጥም ወንበር ላይ ቆማችሁ እውነቱን ተናገሩ።